ሞተሬን የጎዳው ግራ እግሬ ነበር፦ የማንዋል መኪና ቤሪንግ ያለጊዜው እንዳያልቅ

ለብዙ ዓመታት ራሴን ከጠንቃቃ አሽከርካሪዎች ተርታ እመድብ ነበር። ሞተር አላስጮህም፤ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ከፍ አደርጋለሁ፤ የትራፊክ መብራት ሲይዘኝም አረንጓዴው እንደበራ ከኋላዬ ያለውን ሰው ሳላስጠብቅ እንድነሣ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ እጠባበቃለሁ። ዘይቱንም ቀኑ ሳያልፍ አስቀይራለሁ። ስለዚህ ሞተሬ ተፈትቶ ቤሪንጎቹ ጠረጴዛ ላይ በተደረደሩ ቀን፣ ጉዳቱ የመጣው ለመኪናዬ የራራሁ ከመሰለኝ ከዚያው አነዳድ መሆኑን ለመቀበል ተቸግሬ ነበር። ተመሳሳይ ልማድ ያለው ሰው ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት እንዲነቃ ስል የደረሰብኝን በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው ምልክት ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ ዝቅተኛ ዙር እየሠራ ሳለ ፍሪሲዮን ስረግጥ የዙር ቆጣሪው መርፌ ትንሽ ወረድ ይልና የሞተሩ ድምፅ ይከብዳል፤ ፔዳሉን ስለቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። በጤነኛ መኪና የሚጠበቀው ግን ተቃራኒው ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ የካምቢዮውን፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ዘንግ ከማዞር ስለሚያርፍ ዙሩ ባለበት ይጸናል፣ አለዚያም በጥቂቱ ከፍ ይላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ጥፋቱን ሁሉ በሚኒሞው ላይ ጫንሁ፤ የአየር ማስገቢያውን አሳጠብሁ፤ ካንዴላ ቀየርሁ። ለውጥ አልመጣም።

ከወራት በኋላ ፍሪሲዮን ስረግጥ የሚለዋወጥ ደብዛዛ የማንኳኳት ድምፅ ተጨመረበት። በወቅቱ ያየልኝ ባለሙያ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው ብሎ ደመደመ። ፔዳል ሲረገጥ የሚሰማ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ስለሚመጣ ግምቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ካምቢዮው ወርዶ ፍሪሲዮኑ በሙሉ ተቀየረ፤ እኔም ዘላቂ ይሁን ብዬ ከፋብሪካው ይልቅ ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው እንዲገጠምልኝ ጠየቅሁ። ይህ ምርጫዬ፣ ኋላ እንደምገልጸው፣ በእሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነበር። ድምፁ አልጠፋም፤ ፔዳሉ ግን ከበደኝ።

ችግሩን ያገኘው ሌላ አረጋዊ መካኒክ ነው፤ ያገኘውም አንድም ብሎን ሳይፈታ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ በክራንክሻፍቱ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ የፊት ጫፍ ላይ ያለውን ፑሊ (የቀበቶ መዘውር) በባትሪ እያበራ፣ «ሞተሩን ሳታስነሣ ፍሪሲዮኑን ርገጥ፤ ልቀቅ፤ እንደገና ርገጥ» አለኝ። ሦስት ጊዜ ካስደጋገመኝ በኋላ አስወርዶኝ እርሱ ገብቶ ረገጠ፤ እኔ ፑሊውን እንዳይ አደረገኝ። ፔዳሉ ሲረገጥ ፑሊው ወደ ፊት ብቅ፣ ሲለቀቅ ወደ ኋላ እልም ይል ነበር። በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ነው። «ልጄ፣ ይህ የፍሪሲዮን ጉዳይ አይደለም፤ ክራንክሻፍቱ እየተንሸራተተ ነው» አለኝ።

ነገሩን ለመረዳት ቤሪንግ የሚለውን ቃል ማጥራት ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ቤሪንግ ሲባል በውስጡ ኳሶች የሚዞሩበትን ክብ ኩሽኔታ እናስባለን። ክራንክሻፍቱንና ቢየላዎቹን፣ ማለትም ፒስተኖቹን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙትን ክንዶች፣ የሚይዘው ግን በግማሽ ክብ የታጠፈ ስስ ቁራጭ ሲሆን፣ ጀርባው ጠንካራ ብረት፣ ፊቱ ደግሞ ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ የአሉሚኒየምና የቲን፣ ወይም የመዳብና የእርሳስ። በመዳብ ቅይጥ በተሠሩት ላይ በተጨማሪ ከ0.01 እስከ 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን የላይኛ ሽፋን አለች። በዘንጉና በቤሪንጉ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.02 እስከ 0.07 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። በዚያች ክፍተት ውስጥ ዘይት አለ፤ ሁሉም ነገር በትክክል ከሠራ ብረት ብረትን አይነካም።

ክራንክሻፍቱን ከላይና ከታች ከሚይዙት ቤሪንጎች መካከል አንዱ ሌላ ተጨማሪ ሥራ አለው። ጠርዙ ወደ ውጭ የታጠፈ፣ ወይም ከጎኑ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ጠፍጣፋ ቁራጮች የተቀመጡለት ሆኖ፣ ዘንጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይገታዋል። ትረስት ቤሪንግ የሚባለው ይህ ነው። በማንዋል መኪና ላይ ግራ እግራችን በቀጥታ የሚጫነው እርሱን መሆኑን ያወቅሁት የኔው ካለቀ በኋላ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ፔዳሉን በ10 ኪሎ ገደማ ጉልበት ስንረግጥ የፔዳሉ ርዝመትና ሃይድሮሊኩ ጉልበቱን ያባዙታል፤ ኩሽኔታው የፍሪሲዮኑን ስፕሪንግ የሚገፋበት ኃይል ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ስፕሪንጉ ያለው ፍላይዊል ከሚባለው ከባድ ክብ ብረት ጋር በታሰረው ሽፋን ውስጥ ነው፤ ፍላይዊሉ ደግሞ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ታስሯል። ስለዚህ ግፊቱ በሙሉ ክራንክሻፍቱን ወደ ፊት፣ ወደ ፑሊው አቅጣጫ ይነዳዋል፤ ያንን ሁሉ ተቀብሎ የሚመክተው የትረስት ቤሪንጉ የኋላ ፊት ብቻ ነው። ስፕሪንጉ በጠነከረ ቁጥር ይህ ግፊት በዚያው ልክ ይጨምራል። እኔ ላይ ጠንካራው ፍሪሲዮን ምን እንዳደረገ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ስፕሪንጉን በመግፋት ፋንታ በመሳብ የሚያላቅቁ ፍሪሲዮኖችም ስላሉ በእነርሱ ላይ አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሸክሙ ግን ያው ሸክም ነው።

አንድ ሰው፣ ሌሎቹ ቤሪንጎች የሚሸከሙት ሲሊንደር ውስጥ ያለው የነዳጅ ፍንዳታ ጉልበት ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ ትረስት ቤሪንጉ ለምን ይደክማል ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ልዩነቱ በቅርጽና በጊዜ ነው። ክብ ዘንግ በክብ ቤሪንግ ውስጥ ሲዞር ዘይቱን እየጠቀለለ ወደ ጠባቡ ቦታ ይከተዋል፤ በዚያም የተነሣ ዘንጉን የሚያንሳፍፍ ከፍተኛ የዘይት ግፊት ራሱ ይፈጥራል። ሁለት ጠፍጣፋ ፊቶች ግን እንዲህ ያለውን ጠባብ መግቢያ በደንብ አይሠሩም፤ ዘይትም የሚደርሳቸው በአብዛኛው ከጎን ካለው ቤሪንግ ተርፎ የሚፈሰው ነው። በዚያ ላይ የፍንዳታ ሸክም መጥቶ ወዲያው ሲሄድ፣ የፍሪሲዮን ሸክም ግን እግራችን ፔዳሉ ላይ እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ ይጫናል። ማርሽ ለመቀየር የሚወስደው ሰከንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ምንም አይደለም፤ ትረስት ቤሪንግ የተሠራው ለዚያ ነው። አንድ ደቂቃ ሙሉ በሚኒሞ፣ ማለትም ዘንጉ በዝግታ እየዞረና የዘይቱ ግፊት ዝቅተኛ ሆኖ፣ ፔዳሉን ረግጦ መቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ይህን በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለዓመታት አደርግ ነበር።

መካኒኩ ቀጥሎ ዳያል ጌጅ የሚባለውን፣ ሰዓት የመሰለውን መለኪያ ፑሊው ላይ አስደግፎ ክራንክሻፍቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋው። የኔ ሞተር ማኑዋል፣ ማለትም የፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ፣ የሚፈቅደው ከፍተኛው እንቅስቃሴ 0.30 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የተለካው 0.58 ሆነ። በብዙ የቤት መኪና ሞተሮች አዲስ ሲሆኑ ይህ ቁጥር ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወሳኙ ግን የየሞተሩ የራሱ ማኑዋል ስለሆነ የኔን ቁጥር ማንም ለራሱ መስፈሪያ እንዳያደርገው። ችላ ብዬ ብቀጥል ኖሮ ቁራጩ ከመቀመጫው ተንሸራትቶ ይወድቅ፣ ክራንክሻፍቱም የሞተሩን ብሎክ እየፋቀ ይዞር ነበር። ያኔ ጥገና ብሎ ነገር የለም።

ሲፈታ የታየው ነገር የማያከራክር ነበር። የትረስት ቤሪንጉ የፊት ገጽ እንደ አዲስ ያንጸባርቃል፤ የኋላው ገጽ ግን ለስላሳ ቅይጡ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። ዘይቱ ቆሻሻ ወይም ያነሰ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ገጾች ይጎዱ ነበር። አንድ ወገን ብቻ ሲበላ ጣት የሚቀሰረው ወደ ፍሪሲዮን ነው።

የጠበቅሁት ይህን ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ቢየላዎቹ ሲፈቱ ሁለተኛ ነገር ተገኘ። ከየቢየላው ቤሪንግ ሁለት ግማሾች መካከል የላይኛው፣ ማለትም በፒስተኑ በኩል ያለው፣ ሽፋኑ አልቆ የመዳቡ ቀለም ወጥቶ ነበር፤ የታችኛው ግን ደህና ነው። መካኒኩ አይቶ፣ «አንተ ከፍ ባለ ማርሽ እየጎተትህ ነው የምትነዳው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብዬ በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ በደቂቃ ከ1200 እስከ 1400 ዙር ባለው ውስጥ እየነዳሁ፣ ዳገት ሲመጣም ማርሽ ከመቀነስ ይልቅ ነዳጅ መስጫውን ወደ ታች እጫን ነበር። ሞተሩ ይርገፈገፋል፤ እኔ ግን ድምፁ ዝቅ ስላለ ያረፈ ይመስለኛል።

ይህ ለምን ቤሪንግ እንደሚበላ የገባኝ አንድ የቆየ ታሪክ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ቢቸም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል ቤሪንግ ሲፈትን፣ ቤሪንጉ አናት ላይ በበሳው ቀዳዳ ዘይት እየፈሰሰ ስላስቸገረው በእንጨት ውታፍ ይወትፈዋል። ዘንጉ መዞር ሲጀምር ዘይቱ ውታፉን ገፍቶ አስወጣው። ዘይቱን የጨመቀው ምንም ፓምፕ አልነበረም፤ የዘንጉ መዞር ራሱ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ይህንን በሒሳብ አብራራው። ዋናው ፍሬ ነገር፣ ዘንጉን የሚያንሳፍፈው የዘይት ሽፋን ውፍረት ከዙሩ ፍጥነትና ከዘይቱ ወፍራምነት ጋር ይጨምራል፣ ሸክም ሲበዛ ደግሞ ይሳሳል የሚል ነው። በሞተራችን ያለው የዘይት ፓምፕ ዘይቱን እስከ ቤሪንጉ ያደርሳል እንጂ ሸክሙን የሚሸከመው ይህ ከዙር የሚወለደው ግፊት ነው።

አሁን ዳገቱን በዚህ ዓይን እንየው። አንድን ዳገት በአንድ ዓይነት ፍጥነት ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ማርሹ ምንም ይሁን ምን ያው ነው። በ2400 ዙር የሚወጣ ሞተር ያንን ኃይል በብዙ ፍንዳታዎች ያካፍለዋል፤ በ1200 ዙር የሚወጣው ግን ፍንዳታዎቹ በግማሽ ስለሚቀንሱ እያንዳንዱ ፍንዳታ ሁለት እጥፍ ያህል መግፋት አለበት። ሸክሙ በእጥፍ ሲያድግ ሽፋኑን የሚፈጥረው ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል ማለት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ግፊቱ ከፒስተኑ ወደ ታች ስለሚመጣ የሚጎዳው የቢየላው የላይኛው ግማሽና ክራንክሻፍቱን ከታች የሚይዙት ግማሾች ናቸው፤ የኔ ሞተርም ያሳየው ይህንኑ ነው። ቱርቦ ባላቸውና ነዳጅን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ በሚረጩ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ጉዳዩ የባሰ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ብዙ ነዳጅ ሲረገጥ ድብልቁ ካንዴላው ሳያቀጣጥለው ቀድሞ ሊነድና ፒስተንን እስከ መስበር ሊደርስ ይችላል።

ይህን ስል በዝቅተኛ ዙር መንዳት ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሜዳ ላይ፣ እግር ፔዳሉን ዳሰስ ብቻ አድርጎት፣ በ1500 ዙር ሸርተት ማለት ሸክም ስለሌለው አይጎዳም፤ ነዳጅም በእርግጥ ይቆጥባል። የሚጎዳው ዝቅተኛ ዙርና ብዙ ነዳጅ ሲገናኙ ነው። እኔ አሁን የምከተለው መለያ ቁጥር ሳይሆን ስሜት ነው፤ ፔዳሉን ጨምሬ ስጫነው መኪናው ቶሎ ካልታዘዘኝ ወይም መርገፍገፍ ከተሰማኝ አንድ ማርሽ እቀንሳለሁ።

ከመጠን ያለፈ ዙርም ቤሪንግ ይገድላል፤ በቢየላው ላይ ያለው የመወንጨፍ ኃይል ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናልና። ዘመናዊ ሞተሮች ዙር ሲበዛ ነዳጅ የሚቆርጥ መከላከያ አላቸው፤ ነገር ግን ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ልቀንስ ብሎ በስሕተት ሁለተኛ ያስገባ ሰው ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ ያ መከላከያ አያድነውም። አምስተኛው 0.8፣ ሁለተኛው 2.0 የማርሽ ንጽጽር ቢኖራቸው፣ በ3000 ዙር ይሄድ የነበረ ሞተር በአንድ ቅጽበት 7500 ይደርሳል። መድኃኒቱ አለመቸኮልና፣ ፍሪሲዮኑን ስንለቅ ዙሩ ከሚገባው በላይ ሲወጣ ከተሰማን ወዲያው መልሶ መርገጥ ነው።

ስለ ዘይት ብዙ ስለሚባል አላበዛም፤ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛ፣ በማኑዋሉ የተጻፈውን የዘይት ወፍራምነት ጠብቁ፤ የዘይቱ ወፍራምነት ከላይ ባልሁት ሒሳብ ውስጥ ስለሚገባ ከታዘዘው የቀጠነ ዘይት መጨመር ጨዋታ አይደለም። ሁለተኛ፣ የዘይት ቀይ መብራትን እንደ ጠባቂ አትቁጠሩት። በብዙ መኪኖች ላይ የሚበራው ግፊቱ ወደ ግማሽ ባር ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው፤ መብራቱን ያየ ሰው ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ ጋራዥ እስኪደርስ መንዳት የለበትም። ሦስተኛ፣ የውሃው ሙቀት መለኪያ መሐል ላይ ደረሰ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይት ከውሃው ዘግይቶ ይሞቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሞተሩን ሳያስጨንቁ፣ ግን ደግሞ ሳይጎትቱ፣ በመካከለኛ ዙር መንዳት ይበጃል። ዲፕስቲክ፣ ማለትም የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ማየት ደግሞ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ አያለሁ።

ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተር ማስነሣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ውስጥ ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። ሞተሩ ሌሊቱን ሲያድር ከትረስት ቤሪንጉ ገጽ ዘይቱ ስለሚወርድ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ላይ መቶ ኪሎ መጫን ደግ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሡ መኪኖች ብዙ ናቸው፤ ይህም ማርሽ ውስጥ የተተወ መኪና ዘሎ ሰው እንዳይመታ የተደረገ መከላከያ ስለሆነ ሽቦውን አገናኝቶ ማሰናከልን በፍጹም አልመክርም። እኔ የማደርገው ማርሹን ዜሮ ላይ ማድረግ፣ የእጅ ፍሬን መያዝ፣ ረግጦ ማስነሣት፣ ሞተሩ እንደተነሣ ፔዳሉን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ረግጦ ይዞ ማሞቅ የለም።

ክራንክሻፍቱ ተለክቶ ሁሉም ቤሪንግ ከተቀየረና የፋብሪካው ዓይነት ፍሪሲዮን ከተመለሰ በኋላ የለወጥሁት ጥቂት ነገር ነው። ከጥቂት ሰከንድ በላይ የምቆም ከሆነ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ግራ እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ። ዳገት ላይ ስቆም መኪናውን በፍሪሲዮን አላንጠለጥልም፤ ለዚያ የእጅ ፍሬን አለ። በጉዞ ላይ እግሬን ፔዳሉ ላይ አላሳርፍም፤ የእግር ክብደት ብቻ እንኳ ኩሽኔታውን ያስደግፋል። ፍሪሲዮናቸው በኬብል የሚሠራ ሰዎች ደግሞ ፔዳሉ አናት ላይ ያለውን ነፃ እንቅስቃሴ ይለኩ፤ ያ እንቅስቃሴ ጨርሶ ከጠፋ፣ እግር ባይረገጥም ኬብሉ ራሱ ቀኑን ሙሉ ክራንክሻፍቱን ሲገፋ ይውላል።

ያገለገለ ማንዋል መኪና የሚገዛ ሰውም ያ መካኒክ ያሳየኝን ምርመራ ቢያደርግ ከብዙ ጣጣ ይድናል። አንድ ሰው፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮኑን ይርገጥ፤ ሌላው ፑሊውን ይመልከት። በዓይን በግልጽ የሚታይ መንሸራተት ካለ ሳይለካ አይገዛ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ እንዳለ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዙሩ የሚወድቅ ወይም ድምፁ የሚለወጥ መሆኑን ያዳምጥ። በካምቢዮና በሞተር መጋጠሚያ በኩል የሚያንጠባጥብ ዘይትም ይታይ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ክራንክሻፍት ኦይል ሲል የተባለውን የኋላ የዘይት ማገጃ ያበላሻልና።

የኔ ሞተር ሲገጣጠም የተለካው እንቅስቃሴ 0.14 ሚሊ ሜትር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው መለኪያ፣ በዚያው ፑሊ ላይ ስናስለካው 0.15 ሆኖ ተገኘ፤ መንገዱም መጨናነቁም ያው ነው። ግራ እግሬ ብቻ፣ መብራት ላይ ስቆም አሁንም አልፎ አልፎ ሳላዝዘው ወደ ፔዳሉ ይሄዳል፤ ሳገኘው እመልሰዋለሁ።